በረኛው ይነሳ

ተረት አለኝ፤ ጆሮ ካላችሁ ልንገራችሁ። ጆሮ አለን ካላችሁ ደግሞ ቀረብ በሉ።

በድሮ ዘመን፣ ቴሌቪዥን የነገሩትን ሁሉ እየሰማ የሰማውን ግን ግማሹን ብቻ በሚናገርበት ጊዜ፣ ዙሪያው በድንጋይ ካብ የታጠረ አንድ ግቢ ነበር። ግቢው አንድ በር ብቻ ነበረው። በሩን መከታ የሚባል ውሻ ይጠብቃል። የግቢው አለቃ ጋሽ በሬ ነው። ቴሌቪዥኑ በረቱ ውስጥ፣ ድርቆሽ ላይ ተቀምጦ፣ ቀኑን ሙሉ ስለ ኳስ ያወራል።

በዚያ ግቢ ዘርፌ የምትባል ባለ ሰባት ጫጩት ዶሮ ትኖር ነበር። እትዬ ዘርፌ በዕድሜዋ ኳስ ነክታ አታውቅም። ስለ ኳስ ግን የማታውቀው አልነበረም። አሰልጣኙን አህያን፣ «ሁልጊዜ በአንድ መንገድ ነው የሚሄደው» ትለዋለች። ዳኛውን ጉጉትን፣ «ቀን አያይም፤ ጨዋታው ደግሞ ቀን ነው» ትለዋለች። ይህኛው እንኳ እውነት ነበር።

የግቢው ቡድን በረኛ ኤሊ ነው። ስሙ ፈጠነ ይባላል። በመጀመሪያው ጨዋታ አንድ ጎል ገባበት። ዘርፌ «ይሁን» አለች። በሁለተኛው ጨዋታ ሁለት ገባበት። ዘርፌ ላባዋን ነፋች። በሦስተኛው ሦስት ገባበት፤ ሦስተኛዋ ኳስ ስትገባ ፈጠነ ገና ለመጀመሪያዋ እየዘለለ ነበር።

ዘርፌ ተነስታ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆመች።

«አስተያየት አለኝ።»

«የደጋፊዎች ሰዓት ነው፤ ተናገሪ» አላት ቴሌቪዥኑ። «ግን ባጭሩ።»

«የኛ ቡድን በረኛ፣ ማለቴ ኤሊው፣ ጥሩ ጎረቤት ነው፤ አልጠላውም። ለግብ ጠባቂነት ግን አልተፈጠረም። ስለዚህ በረኛው ይነሳ።»

«ረዥም ነው» አለ ቴሌቪዥኑ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠርጎ አወጀ፦ «ሰበር ዜና። ደጋፊዎች በረኛው ይነሳ አሉ።»

«እኔ አንድ ነኝ እኮ» አለች ዘርፌ።

«ደጋፊዎች ሲባል ያምራል» አላት።

ጋሽ በሬ ጥግ ይዞ እያመነዠከ ነበር። በእንቅልፍ ልቡ የሰማው «በሬው ይነሳ» የሚል ነው። አለቅነቱ ያበቃ መስሎት ላብ አጠመቀው።

«ማን ይነሳ አላችሁ?»

«በረኛው» አለው ቴሌቪዥኑ።

«በሬው አይደለም?»

«በረኛው።»

«እፎይ» አለ ጋሽ በሬ። ከደስታው ብዛት የትኛው በረኛ ብሎ እንኳ አልጠየቀም። ቀጥ ብሎ ወደ በሩ ሄዶ መከታን «ተነስተሃል» አለው።

መከታ ተቀምጦ ስለነበር ተነሳ። «ይኸው ተነሳሁ።»

«እንደሱ አይደለም» አለ ጋሽ በሬ።

መከታ ዘርፌ ዘንድ መጣ። «እትዬ ዘርፌ፣ ዘጠኝ ዓመት ይህን በር ጠብቄያለሁ። ምን አጠፋሁ?»

ዘርፌ እውነቱን ታውቃለች። «አንተን አይደለም» ብትል ይበቃ ነበር። ነገር ግን በዕድሜዋ የተናገረችው ነገር ሲፈጸም ያየችው ያን ቀን ነው፤ ትንሽ ልታጣጥመው ፈለገች። «በቴሌቪዥን ተባለ እኮ» አለችው። በሆዷ ነገ እናገራለሁ አለች።

መከታ የሚተኛበትን ጆንያ በአፉ ይዞ ወጣ። ከካቡ ማዶ፣ ዋርካው ሥር ተቀመጠ።

በማግስቱ ቀበሮ መጣ።

«በረኛችሁ መነሳቱን በዜና ሰምቼ ነው» አለ።

«ልምድ አለህ?» አለው ጋሽ በሬ።

«በዚህ አገር የማላውቀው የዶሮ ቤት በር የለም።»

«ታላቅ ዝውውር» አለ ቴሌቪዥኑ። ጋሽ በሬም ቀጠረው።

የዘርፌ አንገት ላባ ቆመ። መከታ ሲጠብቅ ፊቱን ወደ ውጭ አዙሮ ነበር የሚቀመጠው። ቀበሮ ፊቱን ወደ ውስጥ አዙሮ ተቀመጠ። ዘርፌ ይህን አየች። ነገ እናገራለሁ አለች።

በሁለተኛው ቀን የዳክዬዋ የይታይሽ ትንሹ ልጅ ጠፋ። ይታይሽ ግቢውን ሦስት ጊዜ ዞረች።

«ሾልኮ ወጥቶ ይሆናል» አለ ቀበሮ አፉን እየጠረገ። «የዛሬ ልጆች።»

ዘርፌ ክንፏን ገልጣ የራሷን ልጆች አየች። ሰባቱም አሉ። ደስ አላት። ደስ በማለቷ አፈረች። ወዲያው ወደ ቴሌቪዥኑ ሮጠች።

«ማስተካከያ አለኝ።»

«ማስተካከያ ዜና አይደለም» አላት። «ስለ ዳኛው የምትይው ካለ ግን ቦታ አለ።»

ሦስተኛው ቀን የዋንጫው ጨዋታ ቀን ነበር። በጠራራ ፀሐይ ግቢው በሙሉ፣ ከነልጆቹ፣ በረቱ ውስጥ ተሰበሰበ። ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ቴሌቪዥኑ «ፍፁም ቅጣት ምት» አለ። ሁሉም ትንፋሹን ዋጠ። በመስታወቱ ውስጥ ፈጠነ ግቡ ላይ ቆሞ ይታያል።

ያኔ ዘርፌ በበረቱ በር ወደ ውጭ አየች። ቀበሮ የግቢውን በር ከውስጥ ሸጉጦ ቀስ እያለ ይመጣ ነበር።

ዘርፌ በርራ ቴሌቪዥኑ ላይ ወጣች፤ ሁለት ክንፏን ዘርግታም መስታወቱን ሸፈነችው።

«አንቺ፣ ዞር በይ!» አለ ከፊት ተቀምጦ ያይ የነበረው ፍየል።

«በረኛ ያልኩት ፈጠነን ነው» አለች ዘርፌ። «መከታን አይደለም። ያን ቀን መከታ ሲጠይቀኝ የፈጠነን ስም ብጠራ ኖሮ የይታይሽ ልጅ ዛሬ እዚህ ይሆን ነበር።»

«ከጨዋታው በኋላ አትነግሪንም?» አለ ፍየሉ።

«ከጨዋታው በኋላ ልጆች የሉንም። ዙሩና እዩ።»

ዞሩ። ቀበሮ አንድ እግሩን አንስቶ በረቱ ደጃፍ ላይ ቆሟል።

ጋሽ በሬ ተነሳ። ይህን ጊዜ ማንም ይነሳ አላለውም። ቀንዱን ሲያወርድ ቀበሮ ወደ በሩ ሮጠ፤ በሩን ራሱ ሸጉጦታል። በካቡ ላይ ዘለለ። ከካቡ ማዶ ሦስት ቀን ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ መከታ ነበር። ከዚያ ወዲያ ቀበሮን በዚያ አገር ያየው የለም።

ወደ ቴሌቪዥኑ ሲመለሱ ጨዋታው አልቋል።

«ምን ሆነ?» አለ ፍየሉ።

«ፈጠነ አዳነው» አለ ቴሌቪዥኑ። «ኳሱ እሱ ወዳለበት መጣ።»

«እስቲ ድገመው።»

«እኔ የምደግመው የገባውን ነው።»

ስለዚህ ፈጠነ በዕድሜው ያዳናትን አንዲት ኳስ ያየ የለም። ፍየሉ እስከ ዛሬ ዘርፌን ይወቅሳታል።

ዘርፌ ዋርካው ሥር ሄደች። «መከታ፣ አንተን አልነበረም። ያኔውኑ አውቄዋለሁ።»

«አውቃለሁ እትዬ። ፊትሽ ላይ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«እስክትናገሪ እየጠበቅኩሽ ነበር» አላት ጆንያውን እያነሳ። «መጠበቅ ሥራዬ አይደል?»

ከዚያ ወደ ይታይሽ ሄዳ ይቅርታ ጠየቀቻት። ይታይሽ አልመለሰችላትም። ዘርፌም በማግስቱ ሄደች፤ በሦስተኛውም ቀን ሄደች፤ አሁንም ትሄዳለች።

እናንተም እገሌ ይነሳ ስትሉ ስሙን ጥሩ። ተሳስታችሁ ከሆነም በዚያው ቀን ተናገሩ፤ ነገ እስኪባል የሚጠፋ ትንሽ ልጅ አለ። የኔ ተረት በሩን ዘጋ፤ የናንተ ይከፈት።