ሰላምታው የተለካበት ውሻ

አንድ ጓን የሚባል ጡረታ የወጣ ልብስ ሰፊ በአንድ የቻይና ከተማ ይኖር ነበር። ሚስቱ ከሞተችበት ወዲህ በቤቱ የቀረው ቶንቶን የሚባል ድብልብል ውሻው ብቻ ነበር። በአገሩ ወግ፣ በተለይ በዓመት መለወጫ፣ ሰው ሰላም የሚባለው ሁለት እጅን አጣምሮ ጎንበስ በማለት ነውና ጓን ውሻውንም ይህንኑ አስተማረው። ቶንቶን እንግዳ ባየ ቁጥር በኋላ እግሮቹ ቆሞ፣ የፊቶቹን አጣምሮ እጅ ይነሳል። ያየው ሁሉ በሳቅ ይንከተከታል።

በከተማው ቁመቱ ከሰው ጉልበት የሚበልጥ ውሻ ማሳደግ ክልክል ነበር። አንድ ቀን የወረዳው ተቆጣጣሪዎች መለኪያ ዘንግ ይዘው መጡ። ቶንቶን እንግዳ መጣልን ብሎ ብድግ አለና እጅ ነሳቸው። እነሱም እንደቆመ ለኩት፤ ከልክ በላይ ነው ብለውም ወደ ውሾች ማቆያ ወሰዱት። ወሩ ሲያልቅ እንደሚገደልም ለጓን ነገሩት።

ጓን አቤት ቢል አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው፣ ሌላውም መልሶ ወደ መጀመሪያው ሰደደው። ቢቸግረው ወረዳውን ፍርድ ቤት ከሰሰ። ጎረቤቱ ፌን ይህን ስትሰማ ሳቀችበት።

“አንተ ሰውዬ፣ ለውሻ ብለህ ከመንግሥት ጋር ትካሰሳለህ? ሰው ምን ይልሃል?”

“ሰውማ ዝም ብልም ይለኛል። እየተባልኩ ውሻዬን ባገኝ ይሻለኛል።”

በቀጠሮው ቀን፣ ችሎቱ ሊጀመር ሲል፣ የወረዳው ሹም ጓንን ወደ ጎን ጠራው።

“አባባ፣ ክሱን ይተዉትና ውሻዎን አሁኑኑ በጓሮ በር ይውሰዱ።”

የጓን ልብ በደስታ ዘለለ። እሺ ሊል አፉን ሲከፍት ቶንቶንን ሊጠይቅ ሄዶ በማቆያው ያያቸው ሌሎች ውሾች ትዝ አሉት።

“ሌሎቹስ?”

“የሌሎቹ ባለቤቶችማ አልከሰሱም።”

“እንግዲያው እኔ ከስሻለሁ። የምንወጣው በዋናው በር ነው።”

ከተፈረደበት ቶንቶንን እንደሚያጣ ያውቃል። ያም ሆኖ ወደ ችሎቱ ገባ።

ዳኛዋ ስትገባ ሰው ሁሉ ተነሳ። ለማስረጃ የቀረበው ቶንቶንም ተነሳ፤ በሁለት እግሩ ቆሞ እጅ ነሳ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ዳኛዋ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ተቆጣጣሪውን ጠየቀችው።

“ስትለካው እንዴት ነበር የቆመው?”

“ልክ እንደ አሁኑ፣ ክብርት ዳኛ።”

“ታዲያ የለካኸው ሰላምታውን ነዋ!”

በአራት እግሩ ሲለካ ቶንቶን ከጉልበት በታች ሆነ። ዳኛዋ የሌሎቹም ልኬት እንደገና እንዲታይ አዘዘች። ለካስ አንዱ ሲዘል፣ ሌላው እስከ ቆመው ጅራቱ ጫፍ ተለክቶ ኖሯል። በማግስቱ የማቆያው ዋና በር ተከፈተና ውሾቹ እየተጋፉ ወጡ፤ ባለቤቶቻቸውም እያለቀሱ ይስቁ ነበር። ከፊት ከፊት ቶንቶንን አቅፋ የምትሄደው ፌን ነበረች።

በአደባባይ ተበድለን በጓሮ በር ሲመልሱልን አመስግነን የምንሄድ ብዙዎች ነን። ይህን ትዕግሥት እንለዋለን፤ አስተዋይነት የሚሉትም አሉ። ነገር ግን በስውር የተመለሰ መብት ለጎረቤት አይተርፍም፤ የሰጠን ሰው ሲከፋውም መልሶ ይወስደዋል። በችሎት የተገኘ ግን ላልከሰሰውም ይደርሳል።

እናንተስ፣ “ለዚህች ለትንሽ ነገር” ተብላችሁ ዝም ያላችሁ ዕለት፣ በማቆያው ማንን ትታችሁ ወጣችሁ?