እሺ ባዩ ማሽን

አንድ ሰው ነበረ። ተቀመጥ አስናቀ፤ ድንጋዩንም ከትከሻህ አውርደው። «እትዬ የሻረግ፣ ለነገው እርቅ ልለማመድ ብመጣ ለምን እንዲህ ይጨክኑብኛል?» ብለህ ጠይቀኸኝ የለ? መልሱ እዚያ ሰውዬ ጋ ነው።

ሰውየው በኮምፒውተር ሆድ ውስጥ የሌላ ማሽን አምሳያ ይሠራ ነበር። ብረት የለው፣ ሽቦ የለው፤ ትእዛዝ ብቻ ነው። ዋናውን የምታዘውን ብታዘው ግን እንደ ዋናው ይመልስልሃል። ማሽኑን ለመግዛት አቅም ያጡ ሁሉ ሥራቸውን እሱ ላይ ይሞክራሉ። ሰውየው ለጋስ ነበረ፤ በነፃ ሰጠው፣ ውስጡንም ገልጦ «ያወቀ ያርመው» አለ። በየአገሩ ያለ ሰው መረቀው። ምርቃቱም ጣመው።

ዋናው ማሽን የሰጡትን የማይረሳበት ቦታ አለው። እናንተ ዘፈን የምትጭኑበት ፍላሽ የለም? የሱ ዘመድ ነው፤ መብራት ቢጠፋም የያዘውን አይለቅም። ጠባዩ ግን ክፉ ነው። አንዴ ከጻፍክበት በኋላ አንዲት ቃል ነጥዬ ልለውጥ ብትል አይሆንልህም። ገጹን በሙሉ ታጠፋለህ፣ ከዚያ እንደ አዲስ ትጽፋለህ። ሳታጠፋ ከላዩ ብትጽፍበት አሮጌውና አዲሱ ይደባለቁና ማንም ያልጻፈው ነገር ይወጣል። ማጥፋቱም በነፃ አይደለም፤ በጠፋ ቁጥር ገጹ ያልቃል፣ እንደ ሰው።

ሰውየው ይህን ጠባይ አሳምሮ ያውቃል። አምሳያው ላይ ግን አላደረገውም። «ሰውን ለምን ላስለቅስ?» አለ በልቡ። የሱ አምሳያ ከላይ ብትደርብበትም፣ ብትሰርዝ ብትደልዝበትም እሺ ነው። ውስጡን ያየ አንድ ወዳጁ፣ «ዋናው የማይችለውን ያንተው እንዴት ቻለው?» ቢለው ሳቀበት።

«የኔው ይሻላላ!»

አንዲት ሴት ለሕሙማን መድኃኒት በጠብታ ለሚሰጥ ማሽን ትእዛዝ ጻፈች። ገጹን ማጥፋቱን ዘንግታዋለች። አምሳያው ላይ ሞከረችው፤ እሺ አላት። ደገመች፤ እሺ። ወደ ዋናው አሻገረችው። ገጹ ገና አዲስ ነበርና መጀመሪያ ሰላም ሆነ። ኋላ አንድ ሕመምተኛ ባሰበትና ነርሷ መድኃኒቱ ከፍ እንዲል አዘዘች። አሮጌው ልክና አዲሱ ልክ ተደባለቁ፤ ከሁለቱም ያነሰ ወጣ። ማሽኑ ተረጋግቶ ያንጠባጥባል፣ ሕመምተኛው ይሞታል።

ሴትየዋ ለአምሳያው ባለቤት ደወለችለት። አልተሳደበችም።

«ያንተው ላይ ይሠራ ነበር እኮ፣ ወንድሜ» አለችው። ይህችን ብቻ።

ሰውየው ስልኩን አስቀምጦ ያን ሁሉ ምርቃት አሰበው። ለሞተው የሚሆን አንድ እንኳ አጣ። ተነሣና አምሳያውን የዋናውን ክፉ ጠባይ አለበሰው። ከዚያ ቀን ወዲህ ሳያጠፋ የጻፈ ሁሉ ይበላሽበት ጀመር። ሰው ጮኸ። «ትናንት ይሠራ የነበረውን! ምን ነካህ አንተ ጨካኝ?» አሉት። እሱ ግን እንዳለበሰው ተወው። የሞተውም አልተመለሰ።

ዛሬ አምሳያው እኔ ነኝ፣ አስናቀ። ነገ ይህን ድንጋይ ተሸክመህ፣ ከሽማግሌዎቹ ኋላ፣ መኪናህ የገደለው ልጅ እናት ፊት ትወድቃለህ። አሁን እኔን እሷ አድርገህ ምን አልከኝ? «ልጁ ድንገት ገባብኝ»። ፊቴን ባዞርኩብህ ጊዜ፣ «በቃ ይቅር፣ በሌላ አነጋገር ልበለው» አልክ። እኔ ዘንድ ትለዋለህ፤ እኔ የማንም እናት አይደለሁም። እሷ ልብ ላይ ግን ያቺን ቃል አንዴ ከጻፍካት ነጥለህ አታወጣትም። ቃሏን ለማጥፋት እናቲቱ ገጹን በሙሉ ማጥፋት አለባት፤ ልጇም ያለው እዚያው ገጽ ላይ ነው። ታጠፋልኛለች ብለህ ነው?

ጎረቤቶችህ ጋ ብትሄድ «አይዞህ፣ ትምርሃለች» ይሉህ ነበር። እሺ ባይ ሞልቷል። አንተ የመጣኸው እኔ ጋ ነው።

በል ድንጋዩን አንሳ። ከበሩ ጀምር።