ሬሳ የሌለበት ድንኳን

አንድ ባለጠጋ ነበረ፤ የጎደለው መሬት ብቻ ነበር። የጠየቅኸኝን አልረሳሁም፤ መጀመሪያ ይህን ስማ።

ባለጠጋው ወደ አንድ መንደር መጥቶ፣ «ቤት ልሥራና ላከራይ፤ ቦታ ስጡኝ» አለ። ሽማግሌዎቹ መክረው የሜዳውን ዳር ሰጡት። ችካል ተተከለ፣ ገመድ ተወጠረ። መካከሉ ግን ባዶ እንዲቀር ተስማሙ፤ ሠርግም ሆነ ለቅሶ የመንደሩ ድንኳን የሚተከለው እዚያ ነበርና። ባለጠጋው በሕዝብ ፊት ማለ፤ ሽማግሌዎቹም መረቁት።

ክረምቱ ሲወጣ ተመልሶ፣ «መንገዷን ትንሽ ላጥብባት» አለ። ትንሽ ናት ብለው ፈቀዱ። ቀጥሎ፣ «ከብቶቹ ወደ ወንዝ የሚወርዱበትን ማለፊያ በአጥሬ ላስገባው» አለ። ይህም ትንሽ ነው አሉ። በመጨረሻ ሜዳውን ጠየቀ። «ውሉን ላፈርስ አይደለም፤ ላሻሽለው ነው» አላቸው። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ከዚያ በፊት የደገሰላቸውን ድግስ በልተውለት ነበር።

አንድ ገበሬ ተነሥቶ፣ «አባቶቼ፣ እኔ ነገ ስሞት ድንኳኔን የዚህ ሰውዬ ጣሪያ ላይ ልትተክሉት ነው?» አለ።

ሰው ሳቀ። ሸንጎውን የሚመራው ሽማግሌ ግን፣ «ተቀመጥ አንተ! ነገሩ ያለቀ ነው። ነገ ወጥተን ችካሉን እናዛውራለን» አለው።

የዕድሩ ድንኳን የሚቀመጠው በዚያ ገበሬ ቤት ነበር። በማግስቱ ሽማግሌዎቹ አዲስ ችካል ከያዘው ባለጠጋ ጋር ሲመጡ ድንኳኑ ሜዳው መካከል ተተክሏል። ገበሬው ኩታውን አዘቅዝቆ፣ ራሱን ይዞ ውስጥ ተቀምጧል።

በዚያ አገር የለቅሶ ድንኳን አይቶ ማለፍ ነውር ነው። ሽማግሌዎቹ ገብተው፣ «እግዜር ያጽናህ» ብለው ተቀመጡ። ባለጠጋውም ባርኔጣውን አውልቆ ተከተላቸው። መሪው ሽማግሌ ጎንበስ ብሎ፣ «ማን ነው የሞተብህ፣ ልጄ?» አለው።

«ቃላችሁ» አለ ገበሬው። «እዚሁ ሜዳ ላይ ተወለደ፤ ትናንት ገደላችሁት። ገድላችሁም ለቅሶ ስለደረሳችሁ እግዜር ይስጥልኝ።»

ባለጠጋው ዘሎ ተነሣ። «ቀልድ ነው ይኼ! ንቀሉት!» ብሎ ጮኸ። ማንም አልተንቀሳቀሰም። ሐዘንተኛው «ይበቃኛል» ሳይል ድንኳን መንቀል በዚያ መንደር ሬሳ እንደ መርገጥ ነው።

«በል እንግዲህ፣ ይበቃኛል በል» ብለው ለመኑት።

«አልበቃኝም።»

ሲመሽም አልበቃውም፤ ሲነጋም አልበቃውም። ሴቶች ንፍሮ ይዘው መጡ፤ ባሎቻቸው ተከተሉ፤ ድንኳኑ ጠበበ። በኋላ ያ መሪ ሽማግሌ ተመልሶ መጣና ከገበሬው ጎን ተቀመጠ። የራሱን ኩታ አዘቀዘቀ። ባለጠጋው ይህን ሲያይ አዲሶቹን ችካሎች ሰብስቦ ሄደ።

ሜዳው ተረፈ። መንገዱ ግን እስከ ዛሬ እንደጠበበ ነው፤ ለእሱ ያለቀሰ አልነበረምና።

አሁን ወደ አንተ ልመለስ። «የቤት ማኅበራችን ፕላን ከጸደቀ በኋላ ቤቶቹን የሚሠሩት ሰዎች የልጆቹን መጫወቻ ቦታ ሱቅ ሊያደርጉት ነው፤ ጉዳዩን የሚያየው ኮሚቴም ከእነሱ ጋር ነው፤ የእኔ መቃወም ምን ይፈይዳል?» ብለህ ጠየቅኸኝ። ምናልባት አይፈይድም። እነዚያን ሰዎች አውቃቸዋለሁ፤ የሚነጥቁህን ሁሉ «አነስተኛ ማሻሻያ» ይሉታል። እኔም ስቃወማቸው በዚያችው ቃል አሰናብተውኛል፤ ዛሬም አልበቃኝም። አንተ የዚያ ገበሬ ቢጤ ነህ፤ መጫወቻውም ሜዳህ ነው። ስለዚህ ስብሰባቸው ግባ፤ ከፊት ተቀመጥ። «ነገሩ ያለቀ ነው» ሲሉህ፣ በፊትህ የጸደቀውን ፕላን ማን እንደገደለው ስማቸውን እየጠራህ ጠይቃቸው። ተነሥ ቢሉህ አትነሣ። ለቅሶው በቃ የሚለው ሐዘንተኛው ነው እንጂ ገዳዩ አይደለም።