ያሉትና የተቀበሉት

አንዲት አዝማሪ ነበረች፤ ዘርፌ የምትባል። ማሲንቆ መምታቱን ከአባቷ ወርሳለች፤ ምላሷ ግን የራሷ ነው። ዛሬ ባለጠጋ ደጅ ብትዘፍን ነገ ድሃ ደጅ ትገኛለች፤ ሁለቱንም ታሞግሳለች፣ ሁለቱንም ትነካካለች። ማንም ቤት ገብታ የማንም ሆና አታውቅም። ስለዚህ በዚያች የገበያ ከተማ "ዘርፌ ካለችው ነገር አለው" ይባል ነበር።

የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ሰዎች በግጦሽ ሣር ተጣልተው ሲቆራቆሱ ከርመው ሊታረቁ ሲሉ፣ ሽማግሌዎቹ በእርቁ ቀን ማን ይዝፈን ብለው ተመካከሩ። "ዘርፌ ትሁን፤ እርሷ ለማንም አታደላም" ተባለ። ዘርፌ መልእክቱ ሲደርሳት ማሲንቆዋን አቅፋ ብቻዋን ሳቀች። ብዙ ሰርግ አድምቃለች። እርቅ ላይ ቁሚልን ያላት ሰው ግን እስከዚያን ቀን አልነበረም።

በዚያው ሰሞን፣ በአንድ የገበያ ዕለት፣ ከጓንጉል ጠጅ ቤት ገብታ ስትዘፍን ዋለች። ጓንጉል የታች ሰፈር ሰው ነው፤ ሆዱ ጋን የሚያህል፣ ሳቁ ከሆዱ የሚበልጥ፣ በጠጁም በግጥሙም የሚመካ። በጠጅ ቤት ደንብ አድማጭ "ተቀበይ" ብሎ ስንኝ ከወረወረ አዝማሪ ቃሉን ሳታጓድል ተቀብላ በዜማ ትመልሳለች። ሙገሳ ነው፣ ስድብ ነው ብላ አትመርጥም። ጓንጉል ብርሌውን ከፍ አድርጎ፣

"ተቀበይ ዘርፌ!" አለ።

"ልቀበል አያ ጓንጉል!"

"ያገር ቤቱን ዞርኩት፣ አተላም ቀመስኩ፤
ከጓንጉል ደጅ ስደርስ፣ ጥሜን አስታገስኩ።"

ዘርፌ ቃሉን እንዳለ ተቀብላ በማሲንቆው አዞረችው። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። "አይ ጓንጉል! ራስህን በሰው አፍ ታሞግሳለህ?" አለ አንዱ ጠጪ። ጓንጉልም እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ጨዋታው በዚያው አለቀ። ቢያንስ ለዘርፌ ያለቀ መስሏት ነበር።

ከጥቂት ቀናት በኋላ በዚያ በኩል ስታልፍ ሰው ተሰብስቦ የጠጅ ቤቱን የውጭ ግድግዳ ሲያይ አገኘችው። ጠጋ ብላ ብታይ፣ ያየችው ራሷን ነው። ጓንጉል የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ አስመጥቶ ከነማሲንቆዋ አስሥሏታል። ከሥሯ "አዝማሪ ዘርፌ እንዲህ አለች" ይልና ያ ስንኝ ይከተላል። ሠዓሊው በለመደው ደንብ ጻድቅን በሁለት ዓይን፣ ኃጥእን በአንድ ዓይን ነው የሚሥለው፤ የጠጁን ጋን አግዝፎ ሥሎ ቦታ ቢያጥረው ግን ዘርፌን ጎን አዙሮ አንድ ዓይን ብቻ ሰጥቷታል።

"ይኸው፣ ጭራሽ ከኃጥኣን ጋር ደመረኝ!" አለች ዘርፌ። ሳቀችም፣ ተናደደችም።

ሳቋ ግን አልቆየም። ጓንጉል ለካ በየገበያው ለፋፊ ልኮ ኖሯል። ለፋፊው ከበሮውን እየመታ "አዝማሪ ዘርፌ እንዲህ አለች!" እያለ ስንኙን ይጮኸዋል። ሌሎቹ ጠጅ ሻጮች "አተላ ቀመስኩ ያልሽው የእኛን ነው አይደል?" እያሉ በራቸውን ዘጉባት። በመጨረሻ ከላይ ሰፈር አንድ ሽማግሌ መጡ። ዓይኗን ማየት አልቻሉም።

"ልጄ፣ ክፉ አናስብብሽም" አሏት። "ግን አንቺ አሁን የጓንጉል ሆነሻል፤ ጓንጉል ደግሞ የታች ሰፈር ነው። የእኛ ሰዎች 'ተገዝታለች' ይላሉ። ለእርቁ ሌላ እንፈልጋለን።"

ዘርፌ ያን ጊዜ ተነሥታ ጓንጉል ዘንድ ሄደች። ጓንጉል ከደጁ ተቀምጦ ግድግዳውን ያደንቅ ነበር።

"አያ ጓንጉል፣ ይህንን ሥዕል አጥፋልኝ፤ ለፋፊህንም መልስልኝ።"

"ምን ነካሽ እቴ! ሌላው ስሙ እንዲጠራ ስለት ሲሳል ይኖራል፤ እኔ በነጻ ባስጠራሁሽ ታለቅሻለሽ?"

"ሳትጠይቀኝ?"

"ምን ብዬ ልጠይቅሽ? በገዛ አፍሽ ያልሽውን?"

"ተቀበልኩ እንጂ አላልኩም!"

"ያው ነው!" አለ ጓንጉል፤ ሆዱ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ።

ዘርፌ የነጠላውን ጫፍ ለቀም አድርጋ ያዘች። "በሕግ አምላክ!" አለች።

በዚያ ዘመን ይህ ቃል ከተጠራ ቀልድ የለም። ከሳሽና ተከሳሽ የነጠላቸው ጫፍ አንድ ላይ ይቋጠርና ዳኛ ፊት እስኪደርሱ ቁራኛ ሆነው ይሄዳሉ። ጎረቤት መጥቶ ቋጠራቸው። ዳኛው ግራዝማች ያሉት ከወንዙ ማዶ ነበር። ዘርፌ ፈጣን ናት፤ ጓንጉል ደግሞ ከወንበሩ የሚነሣው እንግዳ ሲመጣ ብቻ ነው። ዳገቱን እየተጎተተ ወጣ፤ ቁልቁለቱን እርሷን እየጎተተ ወረደ።

ከገበያ የምትመለስ አንዲት ሴት ከሩቅ አይታቸው እልልታዋን ለቀቀችው። "ጓንጉል! ሚስት አገባህ እንዴ?"

"ክስ ነው እናቴ፣ ክስ!" አለ ጓንጉል እያለከለከ።

"ያው አይደል? ትዳርም ቁራኛ ነው!" ብላ አለፈች።

ትንሽ እንደሄዱ ደግሞ አንድ የላይ ሰፈር ሰው አህያውን እየነዳ አገኛቸው። "አዬ ዘርፌ፣ የጓንጉል ዘፋኝ! በግድግዳ አልበቃ ብሎት አሁን ደግሞ አስሮ ያዞርሽ ጀመር?" አለ።

ዘርፌ ማሲንቆዋን በብብቷ ሥር ይዛ እርምጃዋን አፈጠነች። ጓንጉል በጎን አያትና ነጠላው እንዳይጎትታት ጠጋ አለላት።

ግራዝማች ችሎት ሲቀመጡ አገሩ ሁሉ ወሬውን ሰምቶ ደርሶ ነበር። ቃል ለመስጠት ጓንጉል ቀደመ።

"ግራዝማች፣ ይፍረዱኝ! ግጥሙን የገጠምኩት እኔ ነኝ። የተዘፈነው በእኔ ቤት ነው፤ ግድግዳው የእኔ፣ የሠዓሊው ቀለም የእኔ። እርሷም በገዛ አፏ ብላዋለች። እንግዲህ የተሰረቀባት የቱ ነው?"

ሰዉ "እውነቱን ነው" እያለ አጉረመረመ። ግራዝማች ወደ ዘርፌ ዞሩ።

"ብለሻል?"

"አዎን ጌታዬ፣ ከአፌ ወጥቷል።"

"ካልሽው ታዲያ ክስሽ ምንድን ነው?"

"ጌታዬ፣ ክሴን በንግግር ማስረዳት አልችልበትም። በሙያዬ ላስረዳ። አያ ጓንጉል ለአንዲት አፍታ አዝማሪ ይሁንልኝ፤ እኔ ልስጠው፣ እርሱ ይቀበለኝ።"

ጓንጉል ሳቀ። "ለዚህማ ማን ብሎኝ! ማሲንቆ ባልይዝም ድምፄን አገር ያውቀዋል!"

ግራዝማች ፈቀዱ። ዘርፌ ማሲንቆዋን ቃኝታ፣

"ተቀበል አያ ጓንጉል!" አለች።

"ልቀበል እቴ!"

"የራበው ሰው ይምጣ፣ የጠማው ይጠጋ፤
ደጄ ወለል ብሏል፣ ሲመሽም ሲነጋ።"

ጓንጉል ደረቱን ነፍቶ፣ ሲመሽም ሲነጋ የሚለውን እያስረዘመ ተቀበለ። ሰዉ አጨበጨበለት። ጓንጉል ጨዋታው ጣመው፤ "ጨምሪ! ጨምሪ!" አለ። ዘርፌም ምቱን አፈጠነችና፣

"ተቀበል!

ጠጄ አያልቅብኝም፣ ቢቀዳ ለዓለም፤
ምንጩ ጓሮዬ ነው፣ ከቶ መድረቅ የለም።"

ጓንጉል የጠጁን በረከት የምታወድስለት መሰለው። ዓይኑን ጨፍኖ፣ እጁን ዘርግቶ፣ ከነዜማው አወረደው።

በመጀመሪያ የሳቁት አንዲት ባልቴት ናቸው። ከዚያ ሳቁ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተቀጣጠለ። ከጓንጉል ጓሮ ቀን ከሌት የሚፈልቅ የውሃ ምንጭ መኖሩን አገር ያውቀዋላ! የጠጅ ቤቱ ባለቤት በገዛ አፉ፣ በዜማ አጅቦ፣ ጠጄን በምንጭ ውሃ ነው የማበረክተው ብሎ ዳኛ ፊት ተናግሯል።

"ውሃ ሻጭ!" አለ አንዱ።

"እኛ ደግሞ ማር መስሎን!" አለ ሌላው።

ጓንጉል ወርቁ የገባው ይህን ጊዜ ነው። ፊቱ ተለዋወጠ። ወደ ኋላው ሊሸሽ ቢል ቋጠሮው ያዘው።

"ግራዝማች! ይህ የእኔ ቃል አይደለም!" ብሎ ጮኸ። "ግጥሙ የእርሷ ነው! እኔ እኮ የተቀበልኩት ነው እንጂ ያልኩት አይደለም!"

ሳቁ ቀጥ አለ። ግራዝማች ጺማቸውን እየዳሰሱ ወደ ፊት ጎንበስ አሉ።

"እስቲ ድገመው ጓንጉል። አልሰማሁህም።"

ጓንጉል ዘርፌን አያት። ከዚያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "የተቀበልኩት ነው እንጂ... ያልኩት አይደለም" አለ።

"ከአፍህ ግን ወጥቷል" አሉ ግራዝማች። "ምስልህን ከነስንኙ ግድግዳ ላይ እናሥለው? በገበያው ሁሉ 'ጓንጉል እንዲህ አለ' ብለን እናስለፍፍ?"

"ኧረ በፈጠረዎት! ቤቴ መፍረሱ ነው!"

ከሰዉ መካከል "ይለፈፍ! ይለፈፍ!" የሚሉ ነበሩ። ያን ጊዜ ዘርፌ እጇን አነሣች።

"ወገኖቼ፣ አሁን የምናገረው የራሴ ቃል ነው፤ ማንም አልሰጠኝም። የአያ ጓንጉል ጠጅ ውሃ የለበትም። ሲጠመቅ አይቻለሁ፤ ጠጥቼም አውቀዋለሁ። ስንኙን የገጠምኩት የሰው ስም እንዴት እንደሚቆስል ላሳየው ብዬ ነው፤ ላቆስለው ብዬ አይደለም።"

ጓንጉል ላቡን በነጠላው ጠረገ። የእርሱ ይሁን የእርሷ ጫፍ አላወቀም።

ግራዝማች ዘርፌን "ጠይቆሽ ቢሆን ኖሮ ምን ትይው ነበር?" አሏት።

"ምናልባት እሺ፣ ምናልባት እምቢ እል ነበር ጌታዬ። ያቺ 'ምናልባት' ግን የእኔ ነበረች። እርሷንም ወሰደብኝ።"

ግራዝማች ፈረዱ። "ጓንጉል፣ ግጥሙ ያንተ ነው፤ ማንም አይቀማህም። ከፈለግህ 'ጓንጉል እንዲህ አለ' ብለህ በግድግዳህ ሙሉ ጻፈው። ስሟና መልኳ ግን ከግጥሙ ጋር አልተሰጡህም። በጠጅ ቤትህ የነበረ ሰው ጨዋታ መሆኑን ያውቃል። በገበያ ቆሞ የሰማው ግን ምስክርነት ነው ብሎ ያምናል። አንተ ጨዋታዋን ወስደህ ምስክርነት አደረግኸው። ሥዕሉን አጥፋ። ለፋፊህም በዞረበት ገበያ ሁሉ ተመልሶ ይዙር፤ ቃሉ የጓንጉል እንጂ የዘርፌ አልነበረም ብሎ ይንገር።"

ቋጠሮውም በዚያው ተፈታ።

ጓንጉል ክፉ ሰው አልነበረም። ለፋፊውን ከመላክ አልፎ በላይ ሰፈር ገበያ ራሱ ከበሮውን ተቀብሎ መታ። "ግጥሙ የእኔ ነው! ራሴን በራሴ ነው ያሞገስኩት!" እያለ ሲጮህ ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ሽማግሌዎቹ ዘርፌን ደግመው ለመኗት። በእርቁ ቀን በሁለቱ ሰፈሮች መካከል ቆማ ሁለቱንም አሞገሰች፤ ሁለቱንም ነካካች፤ ሁለቱም አብረው ሳቁ።

ግብዣው ሲጋመስ ጓንጉል መጥቶ ከጎኗ ተቀመጠ። ጉሮሮውን ጠረገ።

"ዘርፌ፣ አሁን ታርቀናል አይደል?"

"ታርቀናል አያ ጓንጉል።"

"እንግዲያው ዛሬ በወጉ ልጠይቅሽ። ግድግዳዬ ባዶውን ቀርቷል። ፈቃድሽ ቢሆን፣ ስምሽን..."

"እምቢ" አለች ዘርፌ፣ ፈገግ ብላ።

ጓንጉል ቀልድ መስሎት ፊቷን አየ። ቀልድ አልነበረም። ከዚያም ያን ትልቁን ሳቁን ለቀቀው። "እምቢ ካልሽማ እምቢ ነው" ብሎ ተነሣና ጠጁን ለላይ ሰፈር ሰዎች ይቀዳ ጀመር።

ወዳጆቼ፣ ግጥም የገጣሚው፣ ስም ግን የባለ ስሙ ነው። አንድ ሰው በፊታችን ዘፈነ፣ ተጫወተ ወይም ሳቀ ማለት ድምፁንና መልኩን ለፈለግነው ጉዳይ ሰጠን ማለት አይደለም። ለጨዋታ የሰጠንን ለገበያ ብናወጣው፣ ከአፉ ያልወጣ ቃል ባንጨምርበት እንኳ፣ ያላለውን አስብለነዋል። መጠየቅ ደግሞ ከባድ ነገር አይደለም፤ ከባዱ እምቢታን እንደ ጓንጉል በሳቅ ተቀብሎ መሄዱ ነው። ዛሬ የጓንጉል ግድግዳ በእያንዳንዳችን እጅ፣ በስልካችን ውስጥ አለ። እርስዎ በቅርቡ ያጋሩት የሰው ምስል ወይም ድምፅ፣ ባለቤቱ ተጠይቆበት ነበር? ቢጠየቅስ እሺ ይል ነበር፣ ወይስ እምቢ?