ቤት ላለመግባት የተገባ ስእለት

ስሟን ማንሳት በማያስፈልገን አንዲት የቆየች የነጋዴ ከተማ ሐጂ ሙህየ የሚባሉ ሽማግሌ ይኖሩ ነበር። አሞሌ ጨው በጀርባቸው ከመሸከም ተነስተው ሃያ ሁለት በቅሎ ለመጫን የበቁ፣ ከማንም አንዳች ያልወረሱ ሰው ናቸው። የሚያዩትን ሁሉ ይቆጥራሉ። ከቤታቸው እስከ መስጂድ ስንት እርምጃ እንደሆነ፣ በየሶፉ፣ በየሰጋጁ ረድፍ፣ ስንት ሰው እንደቆመ ጠይቋቸው፤ ሳያስቡ ይመልሳሉ።

ከተማዋ የመስጂዷን ጣሪያ ስታድስ ኃላፊነቱን የሰጠችው ለእሳቸው ነበር። አንድ ማለዳ ግቢው ውስጥ ቆመው ይቆጥራሉ። ከአርባ ስድስቱ የጣሪያ ወራጅ እንጨት ሠላሳ አምስቱ ወጥቷል፣ አሥራ አንዱ ቀርቷል። ክረምቱ ሊገባ አሥራ ዘጠኝ ቀን አለ። አናጢው ኑርየ የመስጂዱ ሙአዚንም ስለሆነ አዛኑን ብሎ፣ ከጀመዓው ጋር ሰግዶ፣ መልሶ ጣሪያው ላይ ይወጣል። የሚያድረውም እዚያው ግቢ ነው። ሐጂ እንዲህ ያለ ሠራተኛ በዕድሜያቸው ሦስት ብቻ አይተዋል።

የግቢው በር ላይ የኑርየ ጎረቤት እታቴ መኪያ ቆመች።

"አሰላሙ አለይኩም ሐጂ። ኑርየን ፈልጌ አይደለም፤ እሱን መፈለግ ትተናል። የመጣሁት እርስዎን ብዬ ነው።"

"ወአለይኩሙ ሰላም። ምን ሆናችሁ?"

"ሚስቱ ዙበይዳ ወንድ ልጅ ወልዳለች። ዛሬ አሥራ ሦስት ቀኑ ነው። ጆሮው ላይ አዛን ያለለት የለም፤ ስምም አልወጣለትም። ሌላ ሽማግሌ ልጥራ ብላት፣ አባቱ በሕይወት እያለ የቲም አላስመስለውም ብላ እምቢ አለችኝ። ወደ አባቷ ልካለች፤ ዓርብ በቅሎ ይመጣላታል። ከሄደች አትመለስም፤ እኔ አውቃታለሁ።"

"ኑርየ አልሰማም?"

"በተወለደ ዕለት ነግሬዋለሁ። ጣሪያው ሳያልቅ ቤቴን ላልረግጥ ለአላህ ተስያለሁ አለኝ። እርስዎም ማሻአላህ ብለውታል አሉ።"

ሐጂ ወደ ጣሪያው ቀና አሉ። እውነቷን ነው፣ ብለውታል። ሥራው የተጀመረ ሰሞን ስእለቱን ሲነግራቸው በጀመዓው ፊት አሞግሰውት ነበር። ጣሪያው ስንት ቀን ቀድሞ እንደሚያልቅ አስልተው ደስ ብሏቸው ነበር። ሠላሳ አምስት ወራጅ ሲቆጥሩ፣ ወራጁን የሚመታው ሰው ስንት ሌሊት ከቤቱ እንደቀረ አልቆጠሩም። ተናደዱ። ጥቂቱ በኑርየ ነው፤ የሚበልጠው ግን በራሳቸው።

"ኑርየ፣ ውረድ።"

"ይቺን ልምታና ሐጂ።"

"ውረድ ብዬሃለሁ።"

መዶሻውን እንደያዘ ወረደ። እታቴ መኪያን ሲያይ አንገቱን ደፋ።

"በቀን ስንት ጊዜ አዛን ትላለህ?"

"አምስት።"

"በአሥራ ሦስት ቀን ስልሳ አምስት። ወንዝ ማዶ ያለው ቆዳ ፋቂ ሰምቶሃል። ገበያ የወረደው መንገደኛ ሰምቶሃል። የገዛ ልጅህ ጆሮ ነው የራቀህ?"

"ስእለት ነው ሐጂ። የአላህን ቤት እየሠራሁ..."

"አላህን አታስገባው። ቤትህ አራስ አለች፣ ልጅ ያለቅሳል፣ ውሃ ቅዳ ትባላለህ። እዚህ ሁሉም ያመሰግንሃል። አንተ የመረጥከው ምስጋናውን ነው። እኔም ሥራዬ እንዲፈጥንልኝ ብዬ አሞገስኩህ።"

የኑርየ ዓይን ቀላ። "ስእለቱንስ ምን ላድርገው?"

"ታፈርሰዋለህ። ማካካሻ ከፋራ አለው፤ አሥር ሚስኪን ታበላለህ። እህሉን ከእኔ ጎተራ ውሰድ፤ ያጃጃልኩህ እኔ ነኝና። መዶሻውን አምጣ። ልጅህ አርባ ቀን እስኪሞላው ካንተ አዛን እንጂ ሥራ አልፈልግም።"

ጠቡን የሰሙት የቆዳ ነጋዴው ሐጂ ጦይብ ከበረንዳው ተነሱ። "ሙህየ፣ ሌላ አናጢ የለንም። ለሴት ኩርፊያ ብለህ የመስጂድ ጣሪያ ልታስቀር? ዝናቡ ይገባል እኮ።"

"ይግባ። የሚገባበትንም ቆጥሬዋለሁ። አራት ሶፍ ይረጥባል፤ አንደኛው የእኔ ነው።"

ኑርየ ሄደ። ዙበይዳ አንድ ቃል አልተናገረችውም፤ ልጁን ክንዱ ላይ አስቀምጣ ፊቷን አዞረች። ያ ከተማ የሚያስተጋባው ድምፁ አዛኑን ሲል በዚያች ትንሽ ጆሮ ላይ ሁለት ጊዜ ተቆረጠ አሉ። ዓርብ የመጣው በቅሎ ባዶውን ተመለሰ። እሷ ግን ለስምንት ቀን አኩርፋዋለች፤ የሚገባው ነበር።

ዝናቡ ከተባለው ሁለት ቀን ቀድሞ፣ በጁምዓ፣ በኹጥባው ስብከት መሐል ወረደ። አራት ሶፍ ረጠበ። ሶላቱ ሲያበቃ ሐጂ ጦይብ ውሃ የሚንጠባጠብ ጥምጣማቸውን ይዘው "አሁን ደስ አለህ?" አሉ።

ሐጂ ሙህየ የቀሚሳቸውን ጫፍ እየጨመቁ መለሱ፦ "መስጂዱ ቢያፈስ ጀመዓው ሁሉ ተባብሮ ይከድነዋል። የዚያን ሰው ቤት ግን ከሱ በቀር የሚከድንለት የለም።"

ሰው ይህን ሲሰማ አናጢው ተገሠጸ ብሎ ያልፋል። እኔን የሚያናድደኝ የሚያሞግሰው ነው። ዛሬም በየሱቁ፣ በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየመድረሳው ልጆቹ ተኝተው ወጥቶ ተኝተው የሚገባውን ሰው ታታሪ እንለዋለን፤ ጥቅሙ ለእኛ ስለሆነ። ሥራ ለአላህ የሚቀርብ ዒባዳ ነው፣ አልካድኩም። አንዱ ዒባዳ ግን የሌላውን ሐቅ እንዲበላ ማንም አልፈቀደለትም። ሠራተኛህን ከማመስገንህ በፊት ከቤተሰቡ ጋር የበላው መቼ እንደሆነ ጠይቀው። ለማስታወስ ከተቸገረ፣ በቂያማ ቀን የሚጠየቀው እሱ ብቻ አይደለም።