ይመር የጠራው ቀብር

ቀረብ በሉ ልጆቼ፣ እግራችሁን ሰብሰብ አድርጉ። ይህ የምነግራችሁ ነገር የሆነው የአያቶቻችን አያቶች ገና ጎረምሳ ሳሉ፣ የዛሬው ገበያ ሜዳ አውሬ ሲውልበት በነበረ ጊዜ ነው። እኔ አላየሁም። ያየ ሰው ለልጁ ነገረ፣ ከልጅ ልጅ ሲወርድ ለአባቴ ደረሰው፣ አባቴ ለእኔ ነገረኝ። የተጨመረበት ነገር ካለ አባቴ ይጠየቅ።

በዚያ ዘመን በሾላ ውሃ መንደር ይመር የሚባል ሰው ነበር። መሬት የለው፣ በሬ የለው፣ ልጅ የለው። ሚስቱም በወጣትነቷ ሞታበታለች። ያለው አንድ የቀንድ ጥሩንባ ብቻ ነበር። ሥራውም የቅሬ ጠሪነት ነው። ቅሬ መቼም ታውቃላችሁ፣ ሰው ሲሞት መንደሩ ተሰብስቦ የሚቀብርበት ማኅበር ነው፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ነበር። ሰው ሲሞት ይመር ጉብታ ላይ ይወጣል፣ ጥሩንባውን ይነፋል፣ መንደሩም እርሻውን ጥሎ ይመጣል። ጥሩንባ ሰምቶ የቀረ ይቀጣል። ሬሳ ሳይኖር ጥሩንባ የነፋ ደግሞ ከቅሬው ይወጣል። ከቅሬ የወጣ ሰው እሳት አይሰጠውም፣ ሰላም አይባልም፣ ሲሞትም የሚያነሳው የለም። ይመር ከድህነቱ ይልቅ ይህን ይፈራ ነበር። "እኔን የሚያነሳኝ ልጅ የለኝም፤ ቅሬው ነው ልጄ" ይል ነበር።

ከመንደሩ በላይ ኮረብታ አለ። ያኔ ወይራና ጥድ የለበሰ ነበር። ከኮረብታው ሥር፣ ከአንድ ትልቅ ሾላ አጠገብ፣ ምንጭ ይፈልቃል። ከብቱም ሰዉም ከዚያ ይጠጣ ነበር።

የቅሬው ወግ እንዲህ ነበር። ሰው በሞተ ቁጥር ለቃሬዛው አዲስ እንጨት ከኮረብታው ይቆረጣል። መቃብር የሚከደንበት እንጨት ይቆረጣል። ለለቀስተኛው ንፍሮ ማገዶ ይቆረጣል። ለሟች እንጨት መሰሰት ትልቅ ነውር ነው። አባቱን በአሮጌ ቃሬዛ ያስወሰደ ሰው ዕድሜ ልኩን ሲታማ ይኖራል። እናም ይመር ጥሩንባውን ሲነፋ ከልቅሶው በፊት የሚሰማው የመጥረቢያ ድምፅ ነበር። ይነፋል፣ መጥረቢያው ይመልስለታል። ይነፋል፣ መጥረቢያው ይመልስለታል። ኩፍኝ የገባ ዓመትማ ከንፈሩ እስኪቆስል ነፋ፤ ኮረብታውም በዚያው ዓመት ራሰ በራ ሆነ።

ከዚያ ምንጩ ቀጠነ። አንድ ማለዳ ይመር ቅሉን ይዞ ወረደ። ቅሉ እስኪሞላ ፀሐይዋ ወጥታ ጀርባውን አሞቀችው። ቀና ብሎ ኮረብታውን አየ። "መጥረቢያውን ሁሉ የጠራሁት እኔ ነኝ" አለ።

ሄዶ ለሼህ ኑርዬ ነገራቸው። "እኛ የመስጊዱን ዛፍ መች ነካን?" አሉት። ሄዶ ለመምሬ ካሴ ነገራቸው። "እኛስ የቤተ ክርስቲያኑን ዛፍ መች ነካን?" አሉት። እውነታቸውን ነው፤ ሁለቱም አጥራቸውን ጠብቀዋል። ኮረብታው ግን አጥር አልነበረውም። በመጨረሻ የቅሬው ዳኛ አያ አራጋው ዘንድ ሄደ። አያ አራጋው ቁመታቸው ረጅም፣ ቃላቸው አጭር ነበር። "አንተ ጥሩንባህን ንፋ" አሉት።

እሱም ነፋ።

በማግስቱ ማለዳ ጉብታው ላይ ወጥቶ ረጅም አድርጎ ነፋው። መንደሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። በሬውን ከነቀንበሩ ያቆመ አለ፣ ነጠላዋን ገልብጣ የለበሰች አለች፣ ማን እንደሞተ ሳያውቅ ማልቀስ የጀመረም አለ። ይመር ከፊት ከፊት ሄደ። ከምንጩ አጠገብ ሲደርስ ቆመ።

"ሟቹ ይኸውላችሁ" አለ። "ነፍሱ አልወጣችም፣ እያጣጣረ ነው። ከሞተ በኋላ ከምጠራችሁ ሳይሞት ልጥራችሁ ብዬ ነው።"

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። አንዳንዱ ሳቀ። በሬውን አቁሞ የመጣው ግን አልሳቀም። አያ አራጋው ወደ ፊት ወጡ።

"ሬሳ አለ?"

"የለም፣ አያ።"

"ሕጉን ታውቃለህ?"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ ለምን ነፋህ?"

"ሌላ የምደመጥበት አፍ የለኝም።"

 አያ አራጋው እጃቸውን ዘረጉ፤ ይመርም ጥሩንባውን ሰጣቸው። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ከቅሬ ወጣ። ወደ ቤቱ ሲመለስ ያገኘው ሰው ሁሉ ፊቱን ወደ አጥር አዞረ። ያን ቀን ይመር ቤቱን ዘግቶ አለቀሰ። ምንጩን ብሎ እንዳይመስላችሁ፤ ለራሱ ሬሳ ነው ያለቀሰው።

አልቅሶ ሲያበቃ ግን ዶማውን አነሳ። ኮረብታው ላይ ወጥቶ አፈሩን የሚያቆም እርከን ይሠራ ጀመር። ጎርፍ የሚይዝ ቦይ ቆፈረ፣ ከታች ደግሞ ውሃ የሚጠራቀምበት ጥልቅ ጉድጓድ ቆፈረ። ቆፈረ፣ ደከመው፣ ተቀመጠ። ተነሳ፣ ቆፈረ። ክረምቱ ሲገባ የሚተክለው ዘር አልነበረውም። የሚጠይቀው ሰውም የለም፤ ማን ያናግረዋል?

አንድ ቀን መምሬ ካሴ በቅሏቸውን እየሳቡ በዚያ አለፉ። ሕጉ ይመርን ማናገር ይከለክላል፤ በቅሎ ማናገርን ግን አይከለክልም። መምሬ ቆሙና ወደ በቅሏቸው ዞሩ።

"አንቺ በቅሎ" አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ "የቤተ ክርስቲያናችን ወይራ ዘሩን አርግፎታል። ሰው መጥቶ ቢለቅመው እኔ አላየሁም፣ አንቺም አላየሽም። የደቡቡ በር እንደሆነ አይቆለፍም።"

በቅሎዋ ጆሮዋን ነቀነቀች። መምሬ ሄዱ። ይመር ከቅሬ ከወጣ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ፤ ሲመሽም ሄዶ ዘሩን ለቀመና ተከለ።

ሼህ ኑርዬ ደግሞ በቅሎ አልነበራቸውም። እሳቸው ያደረጉት ሌላ ነው። የበጋው ፀሐይ ሲበረታ ማንቆርቆሪያቸውን ይዘው ኮረብታው ላይ ወጡ፤ አንዲት ችግኝ ሥር ቁጢጥ ብለው ለሶላት ታጠቡ፤ ውሃው ሁሉ ሥሯ ላይ ፈሰሰ። አንድ ቃል ሳይናገሩ ወረዱ። በሚቀጥለው ቀንም ሌላዋ ሥር ታጠቡ። ደረሶቻቸው፣ የቁርአን ተማሪዎቻቸው፣ ይህን አይተው እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ችግኝ ያዙ። ይመርን ያናገረው የለም። ችግኞቹ ግን ጠጡ።

በሦስተኛው ዓመት ሰማይ ተቆለፈ። በልጉ ቀረ። ምንጩ መጀመሪያ ጭቃ ሆነ፣ ቀጥሎ ጭቃውም ተሰነጠቀ። ሰዉ ውሃ ለመቅዳት ግማሽ ቀን ወደሚያስኬደው ወንዝ ይወርድ ጀመር። በዚያን ጊዜ የአያ አራጋው እናት እቴቴ ጠጂቱ አረፉ።

አዲሱ ጠሪ ጥሩንባ ነፋ። መንደሩ ተሰበሰበ። ሬሳው ግን የሚታጠብበት ውሃ አልተገኘም። በየቤቱ ያለው እንስራ ተገለበጠ፤ ጠብ የሚል የለም። ወደ ወንዙ የተላከው ሰው እስኪመለስ ሙቀቱ ሬሳውን አያቆየውም። ሴቶቹ የምንጩን ጭቃ በእጃቸው ይጭሩ ነበር። አያ አራጋው እናታቸው ራስጌ ቆመው በነጠላቸው ዝንብ ያባርሩ ነበር።

ይመር ከኮረብታው ላይ ሆኖ ይህን ያያል። የእሱ ጉድጓድ ጥቂት ውሃ ነበረው፤ ችግኞቹን ለክረምቱ የሚያደርስ ውሃ። አልዋሻችሁም፣ ቂም ይዞት ነበር። "ለአራጋው እናት?" አለ። ተቀመጠ። ደግሞ ተነሳ። እቴቴ ጠጂቱ ሚስቱ የሞተች ጊዜ ጭንቅላቱን ጭናቸው ላይ አድርገው ያስለቀሱት ሴት ነበሩ። ጉድጓዱን ከፈተ፤ ሁለት እንስራ ሞላ፤ ጉድጓዱም ባዶውን ቀረ። እየተሸከመ አወረደና አያ አራጋው በር ላይ አስቀመጠ። ከዚያ ወደመጣበት ዞረ።

አያ አራጋው ውሃውን አዩት። ይመርን አዩት። ለቅሬው ዳኛ የቅሬውን ሕግ ማፍረስ ቀላል አይደለም።

"ግባ" አሉት።

ይህች አንዲት ቃል ናት ይመርን ወደ ሰው የመለሰችው። ሴትየዋ ታጠቡ፣ ተገነዙ። ጎበዛዝቱ መጥረቢያቸውን ይዘው ለቃሬዛ እንጨት ሲወጡ ኮረብታው ላይ ያገኙት ጣት የሚያካክሉ የይመርን ችግኞች ብቻ ነው። ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ያኔ አያ አራጋው በመንደሩ ማንም ያላደረገውን አደረጉ። ከጎረቤት አሮጌ ቃሬዛ አስመጥተው እናታቸውን በዚያ አስወሰዱ። ነውሩን በራሳቸው እናት ሰበሩት።

ከቀብር በኋላ ሰዉን አቁመው ተናገሩ። "ከዛሬ ጀምሮ የቅሬያችን ቃሬዛ ይህ አንዱ ነው። ለሟች የሚተክል እንጂ የሚቆርጥ አይኖርም። እናቴ የታጠበችበትን ውሃ ደግሞ እኔ እመልሳለሁ።"

መለሱትም። ዝናብ እስኪመጣ በገዛ አህያቸው ከወንዙ ውሃ እየጫኑ ችግኞቹን አጠጡ። ዳኛው ካጠጡ ማን ይቀራል? መምሬም ወጡ፣ ሼሁም ወጡ፣ ሴቶቹም ወጡ። ከችግኞቹ የደረቀ ነበር፤ የሚበዛው ግን ተረፈ። ጥሩንባውም ወደ ይመር ተመለሰ።

ምንጩ ወዲያው አልተመለሰም፤ ምንጭ ቀስ ብሎ ነው የሚታረቅ። ይመር ሸምግሎ ዓይኑ ሲደክም፣ አንድ ኅዳር ማለዳ ቅሉን ይዞ ወረደ። ቅሉን ደቅኖ "ቢስሚላሂ" ብሎ ሳይጨርስ ሞልቶ እጁ ላይ ፈሰሰበት። እዚያው ተቀምጦ እንደ ሕፃን ሳቀ ይባላል።

ይመር ሲሞት የሚነፋ ሰው አልነበረም፤ ነፊው እሱ ነዋ፣ ያኔ ተተክቶት የነበረውም ቀድሞት ሞቷል። አያ አራጋው በከዘራቸው እየተደገፉ ጉብታው ላይ ወጡና ራሳቸው ነፉ። ድምፁ ጥጃ የታነቀ ይመስል ነበር አሉ። ግን አንድ ሰው አልቀረም። ሼህ ኑርዬ ሰገዱበት፤ መምሬ ካሴ ከነበቅሏቸው እስከ መቃብሩ ሸኙት። ቃሬዛውን ለመያዝ ሰዉ ተጋፋ፤ ትከሻ ያልደረሰው ጨርቁን ነካ።

እንግዲህ ይኸውላችሁ። ሐምሌ በገባ ቁጥር ሬሳ ሳይኖር ጥሩንባ ይነፋል። ሰዉ ዶማውን ይዞ ይወጣል። ያ ቃሬዛ ይመጣና ችግኝ ይጫንበታል፤ እንደ ሬሳ በትከሻ ተሸክመነው፣ እየተቀባበልን ኮረብታውን እንወጣለን። እንግዳ ሰው ደንግጦ "ማን ሞተ?" ሲል፣ "የሞተ የለም፤ ይመር ጠርቶን ነው" እንላለን።

ነገ ማለዳ ጥሩንባው ሲነፋ እናንተም አትደንግጡ። የሚያነሳኝ የለም ብሎ ያለቀሰው ሰው ይኸው ዘንድሮም ይነሳል፤ ልጅ የለውም፣ ትከሻው የእናንተ ነው።