የውጭ ሰው የሆነው መጭመቂያ

አንድ ዘይት ጨማቂ ነበረ። ኑግ ይጨምቃል፤ ዘይቱን ለከተማው ሰው፣ ፋጉሎውን ከብት ለሚያደልቡ ይሸጣል። መጭመቂያውን ለእሱና ለእህቱ ያወረሷቸው አባታቸው ነበሩ።

የኔታ ይህን መናገር የጀመሩት ለልሳኑ መልስ ሲሰጡ ነው። ልሳኑ ብዙ ታላላቅ ወንድሞች ያሉት ጎልማሳ ነው። «የኔታ፣ በቤታችን ጉዳይ ቃሌን የሚሰማ የለም። ጥቂት ዓመት ርቄ እንደ እንግዳ ብመለስ አይሻልም? እንግዳ ሲናገር እኮ ሁሉም ጸጥ ይላል» ብሎ ጠይቋቸው ነበር። የኔታ ሻንጣ መግዛቱንም ሰምተዋል። ስለዚህ ምክሩን ትተው ወደ ጨማቂው ታሪክ ገቡ።

ጨማቂው አንድ ቀን ሥራውን ለማስፋት ፈቃድ ሊጠይቅ ወደ አንድ ጽሕፈት ቤት ሄደ። በረንዳው ላይ ቆሞ ተራውን ሲጠብቅ አንድ የውጭ አገር ሰው መጣ። ኃላፊው ከመቀመጫው ተነሥቶ ወጣ፤ ወንበር በመሐረብ ተወልውሎ ቀረበ፤ ውሃ መጣ። በኋላ እንደተሰማው ሰውየው የገባው ቢሮ ተሳስቶ ነው። ቢሆንም እስኪወጣ ድረስ አክብሮቱ አልጎደለበትም። ጨማቂው ግን ተራው ሳይደርስ መሸ፤ ነገ ተመለስ ተባለ።

እቤቱ ገብቶ ለእህቱ ነገራት። «የውጭ ባለሀብት ያልሆነ ሰው በዚህ አገር ወንበር አያገኝም» አላት።

«ወንበር ከሆነ እዚህም አለ፤ ተቀመጥ» አለችው።

«አንቺ ምን ታውቂያለሽ? ዕድሜሽ ኑግ ስትነፊ አለቀ።»

«ነፍቼ ነፍቼ ነው አንተን ለቢሮ ያበቃሁህ» አለችና ወንፊቷን አነሣች።

እሱ ግን ቆርጧል። ወንበር በተነፈገበት ቢሮ ባለወንበር ሆኖ ሊገባ ፈለገ። መንገዱንም ሲያስብ አገኘው፤ ባሕር ማዶ ሄዶ ድርጅት ያስመዘግባል፣ የውጭ ባለሀብት ሆኖ ይመለሳል።

ባሕር ማዶ ድርጅት ማስመዝገብ ቀላል ነው ሲባል ሰምቶ ነበር፤ ከዘይቱ ያጠራቀመውን ይዞ ተሻገረ፤ እውነትም ቀላል ነበር። እዚያ የሚኖር አንድ የአገሩ ልጅ ጉዳይ አስፈጻሚ ሆነለት። አድራሻ ያስፈልጋል ተባለ፤ ጉዳይ አስፈጻሚው የራሱን ቢሮ አድራሻ አዋሰው። በዚያች አንዲት በር ብዙ ድርጅቶች ይኖሩ ነበር፤ ሲገባም ሲወጣም የታየ ግን የለም። ስም ያስፈልጋል ተባለ፤ ጨማቂው የአባቱን ስም ሰጠ። አባቱ ጫኔ ይባሉ ነበር። በዚያ አገር ፊደል «ጫ» የለምና የሚቀርበውን ፈልገው ጻፉለት። መልሰው ሲያነቡለት «ካኔ» አሉት። እሱም ጥሩ ነው አለ።

በመዝገብ ቤቱ አዳራሽ ቁጥር ያለባት ቁራጭ ወረቀት ይዞ ከሕዝቡ ጋር ሲጠብቅ ግን ግር አለው። «የውጭ ባለሀብት መሆኔን ነግረሃቸዋል?» ሲል ጉዳይ አስፈጻሚውን ጠየቀው።

«ነግሬያቸዋለሁ። ይህን ሁሉ ጥያቄ የሚጠይቁህም ለዚሁ ነው» አለው።

በመጨረሻ ለድርጅቱ የሚያስገባው ሀብት ምን እንደሆነ ተጠየቀ። ከመጭመቂያው በቀር ሀብት አልነበረውም፤ መጭመቂያውን አስገባ። እህቱም ባለድርሻ ነችና ስልክ ደወለላት።

«ወንድም ጋሼ፣ መጭመቂያው ከዚህ ሊነሣ ነው?» አለችው።

«ኧረ ንቅንቅ አይልም። የሚሄደው ስሙ ብቻ ነው።»

«ስሙ ሄዶ እሱ ከቀረ፣ ማን ብዬ ልጥራው?»

«ካኔ በይው።»

ሳቀች። ወረቀቱ በተላከላት ጊዜም፣ ታላቅ ወንድሟ ነውና፣ ፈርማ መለሰችለት።

እንዲህ ሆኖ ጫኔ የተከሉት መጭመቂያ፣ በርበሬ ተራ ጀርባ እንደቆመ፣ ዘይቱ ከአፉ እየተንጠባጠበ፣ ባሕር ማዶ የተመዘገበ ድርጅት ንብረት ሆነ። ማንም አልነካውም። ድምፁም አልተለወጠም።

ጨማቂው ሙሉ ልብስ ለብሶ ተመለሰ። ወደዚያው ጽሕፈት ቤት ሄደ፤ ወንበር ተሰጠው። እንዲያውም ሁለት ቀርቦለት አንዱን መረጠ። ኃላፊው ወረቀቶቹን እያገላበጠ አነበበ፤ ባነበበ ቁጥር ፊቱ እያዘነ ሄደ።

«ጌታዬ፣ በጣም ይቅርታ ያድርጉልኝ። በዚህ መጠን ኑግ መጭመቅ በሕጋችን ለአገሩ ተወላጆች ብቻ የተተወ ሥራ ነው።»

«እኔ እኮ የዚሁ ከተማ ልጅ ነኝ! እዚህ በርበሬ ተራ ጀርባ ነው የተወለድኩት!»

«እርስዎማ የእኛው ነዎት። የውጭ ሰው የሆነው መጭመቂያው ነው።»

«እንግዲያው ልመልሰዋ!»

«መመለስ ይቻላል። የሚመለሰው ግን ከተመዘገበበት አገር ነው» አለና ኃላፊው ተነሥቶ እስከ በር ድረስ ሸኘው።

በማግስቱ ሰዎች መጥተው መጭመቂያውን አሸጉት። በትሕትና ነው ያሸጉት፤ ጫማቸውን ደጃፉ ላይ ጠርገው ገቡ፣ ሲወጡም ይቅርታ ጠየቁ። ባሕሩን ዳግመኛ ለመሻገር የሚያስፈልገው ገንዘብ የሚገኘው ከዘይቱ ነበር፤ ዘይቱ ደግሞ ከማኅተሙ ወዲያ ቀርቷል።

የኑግ ወቅት ደረሰ። ገበሬዎች አህዮቻቸውን ጭነው መጡ፤ ማኅተሙን አዩና ወደ ሌላ ከተማ ነዱ። በሚቀጥለው ዓመት በሩ ላይም አልቆሙም። እህቱ ዛሬ በሰው መጭመቂያ ቤት የቀን ሠራተኛ ሆና ኑግ ትነፋለች። ወንድም ጋሼ ማለቱን ትታለች። አንዳንድ ጊዜ «ካኔ» ትለዋለች፤ አትስቅም።

የከተማው ሰው ስለ ተዘጋው መጭመቂያ ሊመክር ተሰብስቦ ነበር፤ ዘይት ተወድዶበታልና። ጨማቂውን ከፊት ረድፍ አስቀመጡት። ጥፋቱን ሊናገር፣ እርዱኝ ሊል እጁን አወጣ። ሰብሳቢው ጎንበስ ብሎ በጆሮው «ለእንግዶቻችን መጨረሻ ላይ የሰላምታ ጊዜ ይዘናል» አለው። መጨረሻው ሲደርስ መሽቶ ስለነበር ሰላምታው ቀረ።

የኔታ እዚህ ላይ አበቁ። ልሳኑ «እና እኔ ምን ላድርግ? እየተናቅሁ ዝም ብዬ ልቀመጥ?» አላቸው።

«ዝም በል ማን አለህ?» አሉት። «ጩኽ። ከታላላቆችህ ጋር ተጣላ። ነገም ሄደህ ተጣላ። “አንተ ደግሞ አርፈህ ተቀመጥ” የሚሉህ የቤቱ ሰው ስለሆንክ ነው፤ እንግዳን እንዲህ የሚለው ማን አለ? ጨማቂው ንቀቱን ሊጥል ሄደ። ንቀቱና የአባቱ ርስት በአንድ ፊርማ አብረው እንደሚሄዱ የነገረው አልነበረም። ለአንተ እኔ እየነገርኩህ ነው። አንተ ልታስመዘግብ የምትሄደው ራስህን ነው።

«ሄደህ ብትመለስ ያልከው ሁሉ ይሆናል፤ አልዋሽህም። ስትገባ ይነሡልሃል። ስትናገር ጸጥ ይላሉ። ከምግቡ የተመረጠውን ያቀርቡልሃል። እናትህ ጓዳ ውስጥ ታማ ተኝታ ከሆነ ግን፣ እንግዳው እንዳይረበሽ ብለው፣ “ደኅና ናት፣ ገበያ ወጥታ ነው” ይሉሃል። አንተም በልተህ፣ አመስግነህ ትሄዳለህ።»